ላፕቶፑ ራውተሩ ላይ አይገባም፤ በስልክ ሆትስፖት ደግሞ ይገባና ኢንተርኔት የለውም

ማታ_አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ ነው። ራውተሩ በአዲስ ከተቀየረ ወዲህ ዋይፋይ እምቢ ብሏል። የሚታየውን ሁሉ ልዘርዝር።

የራውተሩ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው። ፓስወርዱ ሲገባ ግን ትንሽ ይሽከረከርና «ካንት ኮኔክት ቱ ዚስ ኔትወርክ» ይላል። ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ ሁለት ስልኮችና አንድ ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ፓስወርድ ይሠራሉ።

በስልክ ሆትስፖት ሲሞከር ወዲያው ይገባል፣ ግን «ኖ ኢንተርኔት፣ ሰኪዩርድ» የሚል ይጽፋል። ስልኩ ራሱ በዚያው ሰዓት ኢንተርኔት አለው።

ሌላው፣ ራውተሩ ሁለት ስም ነው የሚያወጣው፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ 5ጂ ይላል። ስልኮቹ ሁለቱንም ያያሉ፣ ላፕቶፑ ባለ 5ጂውን ጭራሽ አያየውም።

እስካሁን የተሞከረው፦ ሪስታርት፣ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ «ፎርጌት» ብሎ ፓስወርዱን እንደገና ማስገባት፣ «ትራብልሹት» የሚለውን ማስኬድ (ችግሩን አላገኘሁትም ብሎ ይዘጋል)። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ድራይቨሩን አፕዴት ሲሉት የቅርቡ ተጭኗል ነው መልሱ። ወደ ፎርማት ከመኬዱ በፊት የሚሞከር ነገር አለ?

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ኔትወርክ ሪሴት አድርገውና ተገላገል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ስታተስ፣ ከዚያ ገጹን እስከ ታች ስትወርድ «ኔትወርክ ሪሴት» የሚል አለ። ዊንዶውስ 11 ላይ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው። አዳፕተሮቹን በሙሉ ነቅሎ እንደገና ይጭናቸዋል። 5 ደቂቃ ሰጥቶህ ራሱ ሪስታርት ስለሚያደርግ የተከፈተ ሥራ ካለ ቀድመህ ሴቭ አድርግ።

ባለ_ገመዱ፦

ሪሴቱ ትንሽ ይቆይ። ሴቭ የተደረጉትን የዋይፋይ ስሞችና ፓስወርዶች ጠራርጎ ይወስዳል፤ ቪፒኤን ካለም እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ በላይ የማልወድለት ግን ቢሠራ እንኳ ጥፋቱ የት እንደነበረ ሳይታወቅ ማለፉን ነው። ተመልሶ ሲመጣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ማታ_አንባቢ፣ ከጻፍከው ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ሆትስፖቱ ነው። እዚያ ላይ አዲሱ ራውተር የለበትም፣ ላፕቶፑም ፓስወርዱን አልፎ ገብቷል፤ ያጣው ኢንተርኔቱን ነው። ራውተሩ ላይ ደግሞ በሩን ራሱ አላለፈም። ይህ አንድ ችግር አይመስለኝም። ሁለት ናቸው፤ እንደ አንድ ስለተፈለጉ ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

ዋይፋይ እስኪሠራ ድረስ የሚታለፍ ተራ አለው። መጀመሪያ የላፕቶፑ የዋይፋይ ካርድ የራውተሩን ስም በሬዲዮ ይሰማል። ቀጥሎ ሁለቱ በደህንነቱ ዓይነትና በፓስወርዱ ይስማማሉ። ከዚያ ላፕቶፑ የአይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር) ይቀበላል፤ ይህን የሚያድለው ራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ ነው። መጨረሻ ላይ የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ዲኤንኤስ ያስፈልገዋል። «አይሠራም» የሚባለው ሁሉ ከነዚህ አንዱ ላይ የቆመ ነው። ያንተ ራውተሩ ላይ ሁለተኛው ጋ፣ ሆትስፖቱ ላይ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጋ ቆሟል።

መልእክቱም ይህንኑ ይላል። ፓስወርድ ሲሳሳት ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ሰኪዩሪቲ ኪው (ፓስወርዱ) ትክክል አይደለም ብሎ በግልጽ ይናገራል። «ካንት ኮኔክት» ብቻ ብሎ ዝም ሲል ግን የደህንነቱ ዓይነት አለመግባባት፣ ያረጀ ድራይቨር፣ ወይም ራውተሩ ላይ የማክ አድሬስ (የእያንዳንዱ ካርድ መለያ ቁጥር) ማጣሪያ ተከፍቶ ላፕቶፑ አለመፈቀዱ ነው የሚጠረጠረው።

እነዚህን አይተህ ጻፍልን።

ሆትስፖቱ ላይ እንዳለህ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ግባና የተገናኘህበትን ስም ክሊክ አድርግ። ታች ስትወርድ «አይፒቪ4 አድሬስ» የሚል መስመር አለ፤ ቁጥሩ ስንት ነው?

እዚያው ላይ እያለህ ኮማንድ ፕሮምፕት (ጥቁሩን መስኮት) ክፈትና በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብለህ፣ አንድ ክፍት ቦታ ትተህ፣ 8.8.8.8 ጻፍ፤ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው። የሚመልሰውን መስመር እንዳለ አምጣው፤ «አልሠራም» ብለህ አታሳጥረው፣ ቃላቱ ልዩነት ያመጣሉ።

ከዚያ በሚሠራው ስልክ ወደ ራውተሩ ገጽ ግባና «ዋየርለስ ሰኪዩሪቲ» ላይ የተመረጠው ምን እንደሆነ እይ። እግረ መንገድህን ስልኩ ራውተሩ ላይ ሲሆን የያዘውን አይፒም አምጣ።

ማታ_አንባቢ፦

አመሰግናለሁ። ሆትስፖቱ ላይ አይፒቪ4 192.168.1.50 ነው። ፒንጉ አራቱንም ጊዜ «ሪፕላይ ፍሮም 192.168.1.50፦ ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» አለ። የሚገርመው ከሥር ሎስ 0 በመቶ ይላል፤ ታዲያ እየደረሰ ነው ማለት ነው?

ራውተሩ ላይ የተመረጠው የደህንነት ዓይነት «ደብልዩፒኤ3 ፐርሰናል» ነው። ስልኩ እዚያ ላይ ያለው አይፒ 192.168.0.14። የማክ ማጣሪያው ዝግ ነው።

ባለ_ገመዱ፦

ሁለቱም ችግሮች ወለል ብለው ታዩ።

ከፒንጉ ልጀምር። ሎስ 0 በመቶ የሚለው እንዳያታልልህ። «ሪፕላይ ፍሮም» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እየው፤ 192.168.1.50 ራሱ ላፕቶፑ ነው። ማለትም ከ8.8.8.8 የመጣ መልስ የለም፤ ላፕቶፑ ለራሱ «መድረሻውን አላገኘሁትም» እያለ ነው። ዊንዶውስ ይህንንም መልስ እንደመጣ ስለሚቆጥረው ድምሩ ላይ የጠፋ የለም ይላል። ስንቱን ሰው አሳስቷል መሰለህ። እውነተኛ መልስ ሲሆን «ሪፕላይ ፍሮም 8.8.8.8» ብሎ ባይቱን፣ በሚሊሰከንድ የወሰደውን ጊዜና ቲቲኤል የሚባለውን ቁጥር ይሰጣል። «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ቢል ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ መልእክቱ ወጥቶ መልስ ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው።

አሁን አድራሻው። የአይፎን ሆትስፖት በ172.20.10 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል፣ የቆዩ አንድሮይዶች በ192.168.43። 50 ላይ የሚያልቅ ድፍን ያለ ቁጥር፣ ያውም ከራውተሩ ክልል ውጭ የሆነ፣ ሰው በእጁ ያስገባው ነው፤ ስታቲክ አይፒ። የድሮው ራውተር 192.168.1.1 ነበር ብዬ እወራረዳለሁ። አዲሱ ስልክህ እንዳሳየው በ192.168.0 ነው የሚሄደው። ላፕቶፑ የድሮ ሰፈር አድራሻ ይዞ አዲስ ሰፈር ገብቷል፤ መውጫ በር ተብሎ የተነገረው 192.168.1.1 እዚያ የለም። ደህንነቱን ብታስተካክል ኖሮ ራውተሩም ላይ «ኖ ኢንተርኔት» ይልህ ነበር።

ይህንን አስቀድም። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ «ቼንጅ አዳፕተር ኦፕሽንስ»። ዋይፋይ የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ዝርዝሩ ውስጥ «ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4» የሚለውን ጽሑፉን ምረጥ (ሳጥኑን ከነካህ ምልክቱ ይነሳና ጭራሽ ይዘጋል)፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። «ኦብቴይን አን አይፒ አድሬስ ኦቶማቲካሊ» አድርገው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኦኬ ብሎ ይወጣል። አትውጣ፤ ከሥሩ ዲኤንኤስም ለብቻው ኦቶማቲክ መደረግ አለበት። እዚያ 192.168.1.1 ተጽፎ ከቀረ ፒንግ 8.8.8.8 ይሠራል፣ ብራውዘር ግን አንድም ገጽ አይከፍትም፤ ያኔ ሌላ ችግር የመጣ ይመስልሃል።

ሁለተኛው ደብልዩፒኤ3 ነው። የወጣው በ2018 ነው፤ ካርዱም፣ ድራይቨሩም፣ ዊንዶውሱም ሦስቱም መቻል አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ስሙ ይታያል፣ መግባት ግን የለም። ራውተሩ ላይ «ደብልዩፒኤ2/ደብልዩፒኤ3» የሚል ድብልቅ ካለ እሱን ሞክር። አንዳንድ የቆየ ካርድ ድብልቁንም ስለማይረዳው፣ ያም እምቢ ካለ ወደ «ደብልዩፒኤ2 ኤኢኤስ» አውርደው። እዚያው አጠገብ «ቲኬአይፒ» የሚል ምርጫ ታያለህ፤ እሱን አትንካው። ደህንነቱ ደካማ ከመሆኑም ሌላ ፍጥነቱን ከ54 ሜጋቢት በላይ እንዳይሄድ ያስረዋል።

ደህንነቱን ለሁሉም ከማውረድህ በፊት ግን አንድ ነገር እይ። ራውተሩ ሁለት ስም ካወጣ ለእያንዳንዱ ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ደህንነቱን ለየብቻ ማስተካከል ሊፈቅድ ይችላል። ከፈቀደ 5 ጊጋኸርትዙን (5ጂ የሚለውን) በደብልዩፒኤ3 ተወው፣ ሌላውን፣ 2.4 ጊጋኸርትዙን ብቻ ደብልዩፒኤ2 አድርግ። ካልፈቀደ ለዚህ ላፕቶፕ የእንግዳ ኔትወርክ ከፍተህ እሱን ብቻ በደብልዩፒኤ2 ማድረግ ትችላለህ። የእንግዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ዕቃዎች የታጠረ ስለሆነ ፕሪንተር አያገኝም።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ስታቲኩን አላሰብኩትም ነበር። ሪሴቱም እኮ ያጠፋው ነበር ግን።

ባለ_ገመዱ፦

ያጠፋው ነበር፤ ራውተሩ ላይ ግን አሁንም «ካንት ኮኔክት» ይል ነበር፣ ምክንያቱም ደብልዩፒኤ3 ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። ያኔ ሪሴቱም አልሠራም ተብሎ ፎርማት ነበር ቀጣዩ፣ ከፎርማቱም በኋላ ያው «ካንት ኮኔክት»።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ዊንዶውስ የሚጽፈው ማስታወሻ አለ፤ ማንም አያነበውም እንጂ። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ አፕሊኬሽንስ ኤንድ ሰርቪስስ ሎግስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ደብልዩላን-ኦቶኮንፊግ፣ ኦፐሬሽናል። ቁጥር 8001 ገብቷል፣ 8002 ሊገባ ሞክሮ አልቻለም፣ 8003 ተቋርጧል፣ 11006 ደህንነቱ ላይ ወድቋል ነው። 8002 ያለበትን ስትከፍተው ምክንያቱን በአረፍተ ነገር ይነግርሃል።

ማታ_አንባቢ፦

አይፒውና ዲኤንኤሱ ኦቶማቲክ ሲደረጉ ሆትስፖቱ ወዲያው ሠራ። ዲኤንኤሱ ላይ በእርግጥ 192.168.1.1 ተጽፎ ነበር። ራውተሩ ላይ ድብልቁ ተሞከረ፣ ያው «ካንት ኮኔክት»። ደህንነቱ ለየባንዱ ይለያል፤ 2.4ቱ ብቻ ደብልዩፒኤ2 ኤኢኤስ ሲሆንና ላፕቶፑ ላይ «ፎርጌት» ተብሎ እንደገና ሲሞከር ገባ። አይፒው አሁን 192.168.0.23 ነው። ሎጉ ውስጥ ያለፉት ሙከራዎች በሙሉ 11006 እና 8002 እየተከታተሉ ነው ያሉት።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ስታቲክ የተደረገው ስካነሩ ፋይል የሚልከው ወደዚህ ላፕቶፕ ስለሆነ ነበር፤ አድራሻው ከተቀያየረ ስካነሩ አያገኘውም። ያ 5ጂ የሚለውስ ለምን አይታይም? ድራይቨር ነው?

ባለ_ገመዱ፦

ለስካነሩ ላፕቶፑ ላይ ምንም አትጻፍ፤ ቁጥሩን ራውተሩ ያስታውስልህ። የራውተሩ ገጽ ላይ ዲኤችሲፒ ውስጥ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚባል አለ፤ የላፕቶፑን ማክ አድሬስ ከ192.168.0.50 ጋር አያይዘው። ላፕቶፑ ኦቶማቲክ እንደሆነ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ይሰጠዋል። ሌላ ቦታ ሲሄድ የዚያን ቦታ አድራሻ ይቀበላል። ስካነሩ ላይ ያለውን የድሮ 192.168.1.50 ወደ አዲሱ መቀየር እንዳትረሳ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ራንደም ሃርድዌር አድሬስስ» ለዚህ ስም ዝግ ይሁን፤ ክፍት ከሆነ ማክ አድሬሱ ስለሚቀየር ሪዘርቬሽኑ አይይዘውም።

የ5ጂውን ዘጠኝ_ቮልት ይመልስልህ፣ ሃርድዌር የሱ ነው።

ዘጠኝ_ቮልት፦

በመጀመሪያ 5ጂ የሚለው ከስልክ 5ጂ ጋር አይገናኝም፤ 5 ጊጋኸርትዝ ማለት ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ሥር ያለውን የካርዱን ስም እየው። ከ802.11 ቀጥሎ ያሉት ፊደሎች ናቸው የሚናገሩት። ቢ፣ ጂ፣ ኤን ብቻ ከሆኑ ካርዱ በ99 እጅ 2.4 ብቻ ነው። ኤሲ ወይም ኤኤክስ ካለበት፣ ወይም ኤ የሚለው ከኤን ጋር አብሮ ከተጻፈ፣ 5 ጊጋኸርትዝ ይችላል። «ዱዋል ባንድ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ያንተ 5ቱን ለመስማት የሚሆን ሬዲዮ ከሌለው ድራይቨር አያበቅልለትም።

ፊደሎቹ ላይ ኤሲ ኖሮ ግን ስሙ ካልታየ ጥፋቱ የቻናል ሊሆን ይችላል። ራውተሩ 5 ጊጋኸርትዝ ላይ ከ52 እስከ 144 ባሉት ቻናሎች ላይ ከተቀመጠ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ራውተሩ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል፣ አንዳንድ ካርድም እነሱን በደንብ አይፈልግም። ወደ 36 ወይም 40 አምጣውና እይ። የ2.4ቱም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ራውተሩ በኦቶ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ ሲያርፍ፣ እስከ 11 ብቻ እንዲያይ ተደርጎ የተሠራ ካርድ ስሙን ጭራሽ አያየውም። ስልኩ ያየዋል፣ ላፕቶፑ አያየውም፣ ሰው ድራይቨር ሲያወጣና ሲያስገባ ይውላል። 1፣ 6 ወይም 11 ላይ በእጅ አስቀምጠው፤ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።

ሦስተኛ ጉዳይ፣ አዲሱ ራውተር ዋይፋይ 6 (ኤኤክስ የሚባለው) ከሆነ፣ ድራይቨራቸው ያረጀ የኢንቴል ካርዶች ባለ ኤኤክሱን ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ይጥሉታል። መፍትሔው ከኢንቴል ገጽ አዲሱን ድራይቨር መጫን ነው። ዲቫይስ ማኔጀር «የቅርቡ ተጭኗል» የሚለውን አትመን፤ እሱ የሚያውቀው ዊንዶውስ አፕዴት ያቀረበለትን ብቻ ነው።

ማታ_አንባቢ፦

ቢ/ጂ/ኤን ነው የሚለው፣ ኤ የለውም። ካርዱ ይቀየራል?

ዘጠኝ_ቮልት፦

ይቀየራል፣ ግን ቀላሉ በዩኤስቢ የሚሰካ ባለ ሁለት ባንድ አዳፕተር ነው። ከገዛህ ደብልዩፒኤ3 የሚለውን ማሸጊያው ላይ ፈልግ፣ ያኔ የራውተሩን ደህንነት ማውረዱም ይቀራል። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሌላ ዕቃ እየሠራ ከሆነ በአጭር የዩኤስቢ ገመድ አርቀው፤ ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ጫጫታ እንደሚያወጣ ኢንቴል ራሱ በ2012 ጽፎበታል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ዋይፋይ ደከመ የሚሉ ሰዎች ይህን ነው የሚያዩት።

የውስጡን ካርድ መቀየር ከመረጥክ ሳትከፍተው አትግዛ። ሁለት ዓይነት መሰኪያ አለ። አሮጌው ሚኒ ፒሲአይኢ ነው፣ ግማሽ ቁመቱ 30 በ26.8 ሚሊሜትር ገደማ፣ በሁለት ብሎን የሚታሰር። አዲሱ ኤም.2 22 በ30 ሚሊሜትር ነው፣ ብሎኑ አንድ። አንዱ የሌላው ቦታ አይገባም። የአንቴና ገመዱ ጫፍም ይለያያል፤ የሚኒ ፒሲአይኢው ክብ ጫፍ ከኤም.2ው ይተልቃል፣ በጉልበት ቢጫኑት የካርዱን መዳብ ይሰብረዋል።

ኤም.2 ሆኖም የሚያታልል አለ። ኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 ፒሲአይኢ ያለው የዋይፋይ ኤም.2 መሰኪያ ላይ ይሠራሉ። ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 በመልክ ያው ሆነው የሚሠሩት ግን ሲኤንቪአይ በሚባለው መንገድ ነው፤ ግማሽ ሥራቸው ያለው ኢንቴል ቺፕሴቱ ውስጥ ነው። የማይደግፍ ላፕቶፕ ላይ ስትሰካው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። የመጨረሻዋ 1 ቁጥር ናት ልዩነቷ። በተጨማሪ የአንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ባዮስ (ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ካገኘ ሲበራ እዚያው ላይ ይቆማል። የሞዴሉን የሰርቪስ ማንዋል አውርደህ የሚቀበላቸውን ካርዶች እይ።

ታናሽ_እህት፦

ይቅርታ ርዕሱን ልጥለፍ። የኔው ላፕቶፕ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ራሱ የለም፣ ኤርፕሌን ሞድ የሚለው ብቻ ነው ያለው። ትናንት ተዘግቶ ዛሬ ሲከፈት ነው የጠፋው። ኤፍኤን ከኤፍ12 ጋር ሞክሬዋለሁ።

ዘጠኝ_ቮልት፦

እህቴ፣ ያንቺ ከሱ ፍጹም የተለየ ነው፤ ስም የሚሰማው ካርድ ራሱ ለዊንዶውስ አልታየም። ቅንብር አትነካኪ ገና።

መጀመሪያ ሺፍትን ይዘሽ «ሻት ዳውን» በይው። ዊንዶውስ ሲዘጋ በፋስት ስታርትአፕ ምክንያት ድራይቨሮቹን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ያደረበትን ሁኔታ ሴቭ አድርጎ ይተኛል፤ የተበላሸ ካርድ እንደተበላሸ ይነሳል። ሺፍት ሲያዝ ግን በደንብ ይዘጋል። ከዘጋሽ በኋላ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ሰሌዳው ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ካልወጣ ካርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ባትሪው የማይወጣ ከሆነ አንዳንዶቹ ባዮስ ውስጥ ባትሪውን ለጊዜው የሚያላቅቅ ምርጫ አላቸው። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተሽ አብሪ። ቀላል ይመስላል፣ ግን በድንገት ለጠፋ ካርድ መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው።

ካልተመለሰ ዲቫይስ ማኔጀር፣ «ቪው» ውስጥ «ሾው ሂደን ዲቫይስስ»። ካርዱ ደብዝዞ ከታየና ኮድ 45 ካለ ዊንዶውስ ድሮ ያውቀዋል፣ አሁን ግን አላገኘውም። ኮድ 10 ከሆነ አለ፣ መነሳት አቃተው፤ ድራይቨሩን አንሺው፣ ሪስታርት አድርጊ። ኮድ 28 ድራይቨር የለም ነው። ኮድ 22 ተዘግቷል፣ «ኢኔብል» ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ከሌለሽ ስልኩን በዩኤስቢ ሰክተሽ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ክፈቺ፤ ያኔ ላፕቶፑ ኢንተርኔቱን እንደ ገመድ ይወስደዋል፣ ዋይፋይ አይጠይቅም።

ታናሽ_እህት፦

ሺፍት እና 30 ሰከንዱ ሠራ! ምልክቱ ተመለሰ። ከስሊፕ ሲነሳ ግን አንዳንዴ አሁንም ይቆረጣል።

ዘጠኝ_ቮልት፦

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ፓወር ማኔጅመንት»፤ «ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዲቫይስ እንዲያጠፋ ፍቀድ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። ታቡ ከሌለ ስሊፕ ሞዱ አዲሱ ዓይነት ነው፤ ያኔ የላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ ካለው ድራይቨር ጋር ሂጂ፣ ባዮሱንም አብረሽ አድሺው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በየጥቂት ቀኑ እንደገና ከጠፋ ዊንዶውስን ተይው፣ ካርዱ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ከተላቀቀ በኋላ ካርዱን አውጥቶ መልሶ መሰካት፣ ሁለቱን የአንቴና ገመዶች ደግሞ ቀጥ አድርጎ ከላይ በጣት መጫን ነው፤ ሲገቡ ቀጭን «ጠቅ» የሚል ይሰማል። አንዱ ካልገባ ዋይፋዩ ራውተሩ አጠገብ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ ቀጣዩ ክፍል ስትገቢ ይጠፋል።